ቦይለሩ የት ይሰቀል

ጋሽ ራህመቶ መጀመሪያ የደወሉልኝ ቀን «ባለሙያውን አገናኚኝ እስቲ፣ ልጄ» አሉኝ።

«ባለሙያው እየሰማዎት ነው።»

ዝም አሉ። ዝምታው አላስገረመኝም። አዳማ ውስጥ ቧንቧ መግጠም ከጀመርኩ አምስት ዓመቴ ነው፤ ስልክ ላይ ያልሰማሁት የዝምታ ዓይነት የለም። አንዳንዱ «ባልሽ መቼ ነው የሚመለሰው?» ይለኛል። አንዱማ ድምፄን ሲሰማ ቁጥር የተሳሳተ መስሎት ሦስት ጊዜ ዘግቶ ሦስት ጊዜ ደውሏል። ጋሽ ራህመቶ ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉና «መሰላል ላይ ትወጫለሽ?» ብለው ጠየቁኝ።

«እወጣለሁ። ወርጄም አውቃለሁ።»

ሳቁ። በዚያው ተቀጣጠርን።

ሙያውን ያስተማረኝ ትምህርት ቤት የለም። ጆቴ የሚባል የቧንቧ ሠራተኛ ፍራንኮ አካባቢ ሱቅ ነበረው፤ እዚያ ኤልቦና ኒፕል የሚባሉ የቧንቧ መጋጠሚያዎች እሸጥ ነበር። እሱ አልሠራ አለኝ ብሎ የሚጥለውን ሁሉ ቤቴ ወስጄ እፈታለሁ። ካርቶን ውስጥ የሚመጣውን፣ ገዥው ሁሉ ሳያየው የሚጥለውን የአገጣጠም ወረቀት መዝገበ ቃላት ይዤ አነባለሁ። ሁለት ዓመት እንዲህ ቆየሁ። አንድ ቀን ጆቴ የገጠመው መስመር ሲያንጠባጥብ ደንበኛው ፊት «የቧንቧውን ጥርስ አጣመህ ነው ያስገባኸው» አልኩት። ትክክል ነበርኩ። በማግሥቱ ሥራ አልነበረኝም። ትክክል መሆኔን ግን ማንም አልወሰደብኝም፤ እሱን ይዤ ወጣሁ። ጋሽ ራህመቶ እስከደወሉልኝ ታኅሣሥ ድረስም እሱ ብቻ የሚበቃኝ መስሎኝ ነበር።

የጋሽ ራህመቶ ቤት ገንደ ጋራ ነው። በታኅሣሥ እዚያ ሰፈር ነፋሱ ከጠዋት ጀምሮ አቧራ ያነሳል፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ የተተከሉት የነፋስ ተርባይኖች ሲዞሩ ይውላሉ፣ እኛ ደግሞ ዓይናችንን ስናሽ እንውላለን። በሩን የከፈቱልኝ ራሳቸው ናቸው፤ ረጅም፣ ከሲታ፣ ዕድሜ ልካቸውን ከጅቡቲ ጭነት ሲጎትቱ የኖሩ፣ የኋላ የኋላ ሞጆ ደረቅ ወደብ ሲያራግፉ የቆዩ ሹፌር። ጡረታ ከወጡ ገና ሁለት ወራቸው ነበር። ሲያወሩ ቀኝ እጃቸው አየር ላይ ማርሽ ይቀይራል።

ቦይለሩ ሳሎን ውስጥ፣ ጠረጴዛ ላይ፣ ነጭ ፎጣ ተነጥፎለት ተቀምጧል። በጋዝ የሚሠራ ነው። ሰፈሩ መብራት በሳምንት ሦስት ቀን ስለሚጠፋበት የኤሌክትሪኩን አልፈለጉትም።

«በመጨረሻው ጉዞዬ ከድሬዳዋ ያመጣሁት ነው» አሉኝ። «ጋቢና ውስጥ፣ ከጎኔ። ቀበቶ አስሬለት።»

«ለቦይለር?»

«ለሀኒያ የሚሆን ነዋ! ቢሰበርስ?»

ሀኒያ አንድ ልጃቸው ናት። ቢሾፍቱ ነው ያገባችው፤ የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ልትወልድ መጥታለች። ወሯ ገብቷል። ዛሬ ነገ እየተባለ ነበር።

እናትየዋ እትዬ ዙህራ አራሷ ወደምትተኛበት ክፍል ወሰዱኝ። ክፍሉ የራሱ መታጠቢያ ቤት አለው፤ ግድግዳው አዲስ ሴራሚክ ለብሷል። ከመስታወቱ ጎን፣ ሴራሚኩ ላይ፣ ጋሽ ራህመቶ በእርሳስ አራት ማዕዘን ሥለዋል። ቦይለሩ እዚያ እንዲሰቀል ነው። ቀና ብዬ ትንሿን መስኮት አየሁ። ወፍራም ፕላስቲክ ሁለት ጊዜ ተደራርቦ ተለጥፎባታል፤ ዙሪያዋን ጥጥ ተጠቅጥቋል። የበሩ ሥርም ጨርቅ ተሰፍቶለታል፤ ሲዘጋ ይደፈናል።

«ነፋስ እንዳያገኛት ነው» አሉ እትዬ ዙህራ፣ በሥራቸው ኮራ ብለው። «አራስን አንዴ ነፋስ ከገባባት ዕድሜ ልኳን ከወገቧ አይወጣም። አርባ ቀን ከዚህ ንቅንቅ አትልም።»

እኔ ደግሞ የማውቀውን አውቃለሁ። ጋዝ ሲነድ የቤቱን አየር ይበላል። በአናቱ የሚወጣው ጭስ አይታይም፣ አይሸትም። በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው መጀመሪያ ራሱን ያመዋል፣ ቀጥሎ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፣ ከዚያ ቢጠሩት አይሰማም። ይህን ቁጭ ብሎ፣ ረጋ ብሎ መናገር ይቻል ነበር። እኔ ግን ስህተት ሳይ ደሜ ይፈላል፤ ስህተቱን የሠራው ሰው ከፊቴ መቆሙን እረሳለሁ።

«እዚህ አይሰቀልም» አልኩ።

«ለምን?» አሉ ጋሽ ራህመቶ። «ልኩን በሜትር ወስጄዋለሁ እኮ።»

«የልክ ጉዳይ አይደለም። አየር የለም። መስኮቱ መከፈት አለበት፤ ይሄ ሁሉ ፕላስቲክ ይነሳል» ብዬ ጫፉን ይዤ ሳብ አደረግኩት። ተላቀቀ።

እትዬ ዙህራ እጄን ያዙት። «አንቺ ልጅ! ለአራስ መስኮት ክፈቺ ነው የምትዪኝ? እኔ ስድስት አራስ ያረስኩ ሴት ነኝ። አንቺ ስንት ወልደሽ ነው?»

«መውለድና ጋዝ ምን አገናኘው?»

«የሰው ቤት ሁሉ ቦይለር መታጠቢያ ቤት ውስጥ አይደል እንዴ ያለው?»

«የሰው ቤት ያለው የኤሌክትሪክ ነው። እሱ አይተነፍስም፤ ይሄኛው ይተነፍሳል።»

«ይተንፍሳ! ቶሎ ታጥባ ትወጣለች።»

ያኔ ዝም ብል ኖሮ ይህን ሁሉ የምጽፈው ነገር አይኖረኝም ነበር። የመሣሪያ ቦርሳዬን እየዘጋሁ «እሺ፣ እንግዲያው የመታጠቢያ ፎጣውን ይተዉትና መግነዣ ከፈን ያዘጋጁላት» አልኩ።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ለራሴ ጆሮም ከበደኝ። ዘወር ስል ሀኒያ በሩ ላይ ቆማለች። አንድ እጇ ሆዷ ሥር ነው፤ አንዱ መቃኑን ይዟል። ፊቷ ቀስ ብሎ ነጣ።

«አዑዙ ቢላህ!» አሉ እትዬ ዙህራ። «ወሯ የገባ ልጅ ፊት! ሟርተኛ! ውጪልኝ። አሁኑኑ ከቤቴ ውጪ።»

ቢሰድቡኝ እችል ነበር፤ ስድብ መመለስ አይቸግረኝም። ግን ጋሽ ራህመቶ ከባዱን ቦርሳዬን ከእጄ ተቀበሉና ራሳቸው ተሸክመው እስከ ውጭው በር ሸኙኝ። መሬት ላይ አስቀመጡልኝና «ልጄ፣ ምን አደረግንሽ?» አሉኝ። እኔ ቢሊሴ፣ አንገቴን ደፍቼ ቦርሳዬን አነሳሁ።

በባጃጅ ወደ ቤቴ ስመለስ ለራሴ «ትክክል ነኝ» አልኩት። ማታም አልኩት። በማግሥቱ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አጠገብ የአንድ ፎቅ የውሃ ሮቶ ስገጥም ደግሞም አልኩት። ደጋግሜ ባልኩት ቁጥር ያቺ በሩ ላይ የቆመች ልጅ ትመጣብኛለች።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት የማላውቀው ቁጥር ደወለ።

«ቢሊሴ ነሽ?» ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። «ሀኒያ ነኝ። የቦይለሩ ቤት።»

«ወለድሽ?»

«ገና ነኝ። ስሚኝ፣ እናቴ ማድ ቤት ናት፣ ቶሎ ልናገር። ያን ቀን ያልሽው ነገር ሟርት ነው ወይስ እውነት?»

«እውነት ነው» አልኳት። «አነጋገሬ ነው የሰይጣን።»

«አነጋገርሽንስ ተዪው፤ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ከልክሎኛል። እናቴ ሌላ ሰው ጠርታለች፣ ጆቴ የሚባል። ነገ ጠዋት መጥቶ እዚያው መስታወቱ ጎን ሊሰቅለው ነው። እኔ አይሆንም ብል 'ነፍሰ ጡር ናት፣ ልጅቷ አስፈራርታት ነው' ይሉኛል። አባቴ ደግሞ…» ቆም አለች። «አባቴን ታውቂያለሽ? እኔ ስወለድ ሚሌ በረሃ ውስጥ የፈነዳ ጎማ ይቀይር ነበር። ያየኝ በአሥራ ሰባተኛ ቀኔ ነው። እናቴ ለአራስነቷ ውሃ ያሞቀችላት ጎረቤት ናት፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ጎረቤቷ ሳትመጣ ስትቀር ራሷ ተነስታ ታሞቅ ነበር። ይሄን ነገር እናቴ በተቆጣች ቁጥር ታነሳበታለች። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ። ታዲያ ያ ቦይለር ለሱ ምን እንደሆነ ይገባሻል?»

ገባኝ። ፎጣውም ቀበቶውም ያኔ ገቡኝ።

«ምን ላድርግ?» አልኳት። ይህን ጥያቄ ሰውን ጠይቄ የማውቅ አይመስለኝም።

«ነገ ጠዋት ነይ። ምላስሽን ግን ቤትሽ ቆልፈሽበት ነይ።»

በነጋታው ስደርስ የጆቴ ሞተር ሳይክል በሩ ላይ ቆሟል። እሱ ግቢው ውስጥ የድሪሉን ገመድ ይፈታል።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ፣ ኢንጂነር!» አለኝ እየሳቀ። «ደንበኛ ልትነጥቂኝ ነው?»

«ጆቴ፣ ይሄን መታጠቢያ ቤት ውስጥ ልትሰቅለው ነው?»

«እኔ ደንበኛ ያዘዘኝ ቦታ ነው የምሰቅለው። ጣራ ላይ ቢሉኝ ጣራ ላይ፣ አልጋ ሥር ቢሉኝ አልጋ ሥር።»

ምላሴ ላይ የመጣውን ዋጥ አደረግኩት። እትዬ ዙህራ ድምፄን ሰምተው ብቅ አሉና የቤቱን ደፍ ይዘው ቆሙ።

«ምን ቀረሽ?» አሉኝ።

«ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

«ይቅርታ በቃል አይሆንም። ደጄ ላይ የጣልሽውን ቃል መጀመሪያ አንሺልኝ። ሳታነሺው እግርሽ ይህን ደፍ አያልፍም።»

«አነሳሁት፣ እትዬ ዙህራ።»

«እንዲህ አይነሳም። መርቂ።»

ምርቃት አላውቅበትም። የሰው ስህተት ቁጠሪ ቢሉኝ እስከ ምሽት እቆጥራለሁ፤ ምርቃት ግን ሲመረቅ ቆሜ «አሜን» ከማለት በቀር ሞክሬው አላውቅም። ጆቴ ድሪሉን አስቀምጦ፣ እጆቹን አጣምሮ፣ ፊልም እንደሚያይ ሰው ግድግዳውን ተደገፈ።

«በሰላም ትገላገል» አልኩ።

«አሚን። ጨምሪ።»

«ወተቷ ይትረፍረፍ።»

«አሚን። ጨምሪ።»

«ልጁ… ልጁ ይደግ፣ ይመንደግ። ጤነኛ ይሁን። እንደ አያቱ ቁመታም ይሁን።»

«አሚን። ቁመቱ ይሁን፤ ኩርፊያው ግን እንዳያቱ አይሁን» አሉ እትዬ ዙህራ፣ ከንፈራቸው ሊፈታ እየታገላቸው። «ጨምሪ።»

«እርስዎም ሀኒያን አርሰው፣ ልጁን ድረው፣ የልጁንም ልጅ ለማቀፍ ያብቃዎት።»

ይሄኛው ከየት እንደመጣ አላውቅም። እትዬ ዙህራ መቃኑን ለቀቁ። «አሚን» አሉ ቀስ ብለው። «ግቢ።»

ሳሎን ስገባ ጋሽ ራህመቶ ቦይለሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ቀና ብለውም አላዩኝም። ከፊታቸው ቁጢጥ አልኩ። ሞት የሚባል ቃል ሳልጠራ ሞትን ማስረዳት ነበረብኝ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሳስብበት ያደርኩት ይህንኑ ነው።

«ጋሽ ራህመቶ፣ መኪናዎን ጋራዥ ውስጥ፣ በሩን ዘግተው አስነስተው ያውቃሉ?»

«ምን አበደኝ?»

«ለምን?»

«ጭሱ ይ…» ብለው ጀመሩና አቆሙ። ማርሽ ሊቀይር የተነሳው እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ቦይለሩን አዩት። ከዚያ በጣታቸው አናቱን ነካ ነካ አደረጉት። «ይሄም ጭስ ማውጫ አለው?»

«ይኸው፤ እጅዎ ያረፈበት ነው።»

መዳፋቸውን ክፍተቱ ላይ ከድነው ቆዩ። «ሠላሳ ዓመት» አሉ በመጨረሻ። «የፈለገ ብርድ ቢሆን ሞተር አስነስቼ፣ ጋቢናውን ጠርቅሜ ተኝቼ አላውቅም። ረዳቶቼን በዚህ ስቆጣ ነው የኖርኩት። እና ለልጄ…» አልጨረሱትም። ወደ ሚስታቸው ዞረው «ዙህራ፣ ልጅቷ እውነቷን ነው» አሉ።

«እውነቷ ይሁን» አሉ እትዬ ዙህራ። «እኔ ጭስ ለልጄ አልፈልግም። ግን ነፋስም አልፈልግም። መስኮቴን አልከፍትም፤ ይሄን ማንም አያስደርገኝም።»

እዚህ ላይ ነው የራሴ ስህተት ፊቴ ላይ የቆመው። ያን ቀን ቦይለሩን ትቼ ከሴትዮዋ ፕላስቲክ ጋር ነበር የተጣላሁት። ቦይለሩ ውጭ ከተሰቀለ መስኮቱ ለምን ይከፈታል? ሙቁ ውሃ በቧንቧ ግድግዳውን በስቶ ይገባል፣ እሳቱና ጭሱ ደጅ ይቀራሉ፣ እትዬ ዙህራ ክፍሉን ጥጥ በጥጥ ቢያደርጉት ማንም አይጎዳም። ወረቀቱ ላይ ከነሥዕሉ አንብቤዋለሁ። ያን ቀን ግን የታየኝ የሚከፈተው መስኮት እንጂ የሚወጣው ቦይለር አልነበረም።

«አይከፈትም» አልኳቸው። «ፕላስቲክዎ እንዳለ ይሆናል። እኔ ያላቀቅኩትንም መልሼ እለጥፋለሁ። ውጭ ቦታ እንፈልግለት።»

እትዬ ዙህራ በጥርጣሬ አዩኝ። «ይሄን ያን ቀን ብትዪስ ምን ነበረበት?»

«ያን ቀን አላሰብኩትም።»

ከኋላዬ ጆቴ ሳል ሳል አለው። እኔ አላሰብኩም ስል በሕይወቱ ሰምቶ አያውቅም።

ውጭ መስቀል ግን በገንደ ጋራ ነፋስ ቀላል አይደለም። አራታችን ግቢውን መዞር ጀመርን። ከፊት ለፊት በኩል ግድግዳው ሰፊ ነው፤ ጋሽ ራህመቶ «መንገደኛ ሁሉ ያየዋል» ብለው ወደዱት። ነፋሱ እዚያ ሻሼን ከራሴ ላይ ሊወስደው ደረሰ።

«ጆቴ፣ ሲጋራህን ለኩስ» አልኩት።

«እዚህ? ሰው ቤት?»

«ለኩስ። ዛሬ ገና ለሥራ ልትጠቅም ነው።»

ባለቤቶቹን በዓይኑ ይቅርታ ጠይቆ ለኮሰ። የያዘለት አራተኛው ክብሪት ነው፤ ጭሱን ነፋሱ ከአፉ ቀማው። «እሳቱ እዚህ አይቆምም» አልኩ። «አራሷ ሳሙና እንደተቀባች ውሃው ይቀዘቅዝባታል።»

«አይሆንም!» አሉ እትዬ ዙህራ ወዲያው። «እንግዲያው በጎን ይሁን። እዚያ ነፋስ የለም፣ ከመታጠቢያ ቤቱም ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነው።»

በጎን በኩል፣ በቤቱና በጎረቤት አጥር መካከል፣ ሰው ወደ ጎን ዞሮ የሚያልፍበት ጠባብ መተላለፊያ አለ። እውነትም ነፋስ አይደርስበትም። ጆቴ መሀሉ ላይ ቆሞ ሳበና ለቀቀው። ጭሱ የትም አልሄደም። ለአፍታ እዚያው ተንጠለጠለ፣ ከዚያ ግድግዳውን ተከትሎ ቀስ እያለ ወጣ፣ ገርበብ ብሎ የተከፈተ መስኮት ጋ ሲደርስ አጎንብሶ ገባ። ገና ስላልወለደች ያልተደፈነው የሀኒያ መኝታ ክፍል መስኮት ነው።

ከውስጥ ሳል ተሰማ። «ማነው የሚያጨሰው?» ብላ ጮኸች። «በአላህ!»

እትዬ ዙህራ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ጭሱ የገባበትን መስኮት፣ ከዚያ ጆቴን፣ ከዚያ እኔን አዩ። ምንም መናገር አላስፈለገኝም፤ እንዲያውም በሕይወቴ ካልተናገርኳቸው ነገሮች ሁሉ የሚያኮራኝ ያ ነው።

«አጥፋው» አሉት ጆቴን። «ከዚህ ራቅ። ሌላ ቦታ።»

ቀረን የጓሮው። የመታጠቢያ ቤቱ የኋላ ግድግዳ መስኮት የለውም። ማድ ቤቱ ከጎኑ ወጣ ብሎ ስለተሠራ ከኮረብታው የሚመጣውን ነፋስ ይከልለዋል፤ በፊት ለፊትና በላይ ግን ክፍት ነው፣ የጣራው ክፈፍም ከፍ ያለ ነው። ጥላ አለው። እዚያ ጥላ ሥር የመኪና ወንበር ተቀምጧል፤ የከባድ መኪና፣ የሹፌር ወንበር፣ ከእንጨት እግር ተሠርቶለት። አጠገቡ ትንሽ ሬዲዮ፣ የውሃ ጆግና ተጠቅልሎ የቆመ ምንጣፍ።

ጆቴ ለሁለተኛ ጊዜ ለኮሰ። ጭሱ ሳይቸኩል ቀጥ ብሎ ወጣ፣ ከክፈፉ በላይ ሲደርስ ነፋሱ ተቀበለውና ወሰደው።

ሁላችንም ገብቶናል። ግቢው ውስጥ ነፋስ የማያስቸግረው፣ አየሩ ግን የማይታፈን አንድ ቦታ እሱ ነው፤ ጋሽ ራህመቶም ለጡረታቸው የመረጡት ለዚሁ ነው። ሠላሳ ዓመት መንገድ ላይ ቆይተው ያገኟት ሁለት ካሬ ሜትር።

«እዚህ ነው» አሉ እሳቸው ራሳቸው።

«ጋሽ ራህመቶ፣ ከፈለጉ ወንበሩን ትንሽ ገፋ አድርገን…»

«የጋዝ ሲሊንደሩስ የት ሊቆም ነው?»

«እሱም ጥላ ይፈልጋል። ቀጥ ብሎ፣ ከቦይለሩ ራቅ ብሎ።»

«ታዲያ እኔ ጭኔ ላይ ልይዘው ነው?» አሉና ወንበሩን በሁለት እጃቸው አቀፉት። ጆቴ ሊያግዝ ሮጠ፤ ከለከሉት። ብቻቸውን ሊያነሱት ሲታገሉ እትዬ ዙህራ መጥተው አንዱን ጎን ያዙ።

«ወዴት ነው የምትወስደው?» አሏቸው።

«እንጃ። በር ላይ።»

«አቧራ ልትበላ? ማድ ቤቴ በር አጠገብ አድርገው። ጥላ ባይኖረው ድንኳን ነገር እናደርግለታለን። ሽንኩርት ስከትፍ ወሬ ታወራልኛለህ።» ትንሽ ከሄዱ በኋላ፣ እኛ የማንሰማ መስሏቸው፣ «ያን የሚሌውን ነገር ደግሞ ከዛሬ በኋላ አላነሳውም» አሏቸው።

ጋሽ ራህመቶ ወንበሩን ሲያስቀምጡ ረጅም ጊዜ ጎንበስ ብለው ቆዩ።

ጆቴ በሳ፣ እኔ ገጠምኩ። «ውሃ ልኩ ተጣሟል» ሲለኝ ተጣሞ ነበር፤ አስተካከልኩት። ቧንቧው ሙቀት እንዳያባክን በስፖንጅ ጠቀለልኩት። ለጋዙ ጎማ እትዬ ዙህራን የሳሙና አረፋ አስመታኋቸውና በየመጋጠሚያው በብሩሽ እንዲቀቡልኝ አደረግኩ። «አረፋው ካበጠ ጋዝ ያፈሳል ማለት ነው፤ ያኔ ይጩሁ» አልኳቸው። ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አንድ በአንድ ፈተሹ፤ ሦስት ጊዜ ዞሩበት። አላበጠም።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ወደ ቤት ገብተው በእጃቸው የሠሩትን ነጭ ዳንቴል ይዘው መጡ። የቤታቸው ዕቃ ሁሉ ዳንቴል ለብሷል፤ ቴሌቪዥኑም፣ ፍሪጁም። ቦይለሩ አናት ላይ ሊያለብሱት እጃቸውን ዘረጉ። አፌ ተከፈተ፤ ዘጋሁት፤ እንደገና ከፈትኩት።

«ሲያምር!» አልኩ። «እትዬ ዙህራ፣ ይሄ ነገር በአናቱ ነው የሚተነፍሰው፤ አፍንጫውን እንዳንሸፍንበት። ይህን የመሰለ ሥራ ደግሞ በጋዝ ጭስ ይበልዛል።»

ዳንቴሉን መልሰው አጠፉት። «ለልጁ አልጋ ይሁን» አሉ።

ሀኒያ በሦስተኛው ቀን ወለደች። ወንድ ነው። ከሆስፒታል እንደተመለሱ ጋሽ ራህመቶ ደወሉልኝ። «ልትታጠብ ነው፤ አንቺ ሳትኖሪ አላስነሳውም» አሉ።

ስደርስ ጓሮ ቆመው ቦይለሩን በጨርቅ እየወለወሉ ነበር። የሲሊንደሩን ቁልፍ እኔ ከፈትኩ። ውስጥ እትዬ ዙህራ «ቢስሚላህ» ብለው ቧንቧውን ሲከፍቱት ቦይለሩ ጠቅ ጠቅ አለና ቱፍ ብሎ ተነሳ። በትንሿ መስታወት ሰማያዊው እሳት ይታያል፤ አይንቀጠቀጥም፣ ቢጫም የለበትም። ጋሽ ራህመቶ ጆሯቸውን አስጠግተው እንደ ሞተር ሰሙት።

«ጥሩ ነው» አሉ። «አይጨነቅም።»

በግድግዳው ውስጥ የውሃው ድምፅ ይሰማል፤ የእትዬ ዙህራ ድምፅም፣ ወገቧን እያሹ አንዴ ሲቆጡ አንዴ ሲያባብሉ። ውስጥ በሩም መስኮቱም ተጠርቅሟል። አየሩ እዚያ ምን እንደሚመስል አላይም። ሁሉን ነገር በእጄ ሠርቼ፣ ሁሉን ነገር ፈትሼም፣ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ።

ከዚያ የሀኒያን ድምፅ ሰማሁ። ለስለስ ብሎ፣ ተጎትቶ፣ «እማዬ፣ እንቅልፌ መጣ» አለች።

እንዴት ዞሬ እንደገባሁ አላስታውስም። ሳሎኑን አልፌ፣ የአራሷን ክፍል አልፌ፣ የመታጠቢያ ቤቱን በር እየደበደብኩ «ሀኒያ! ራስሽን ያምሻል? ያቅለሸልሽሻል? እትዬ ዙህራ፣ ይክፈቱ!» ብዬ ጮህኩ።

በሩ ተከፈተ። እንፋሎት ፊቴን መታው። ሀኒያ በጋቢ ተጠቅልላ ቆማለች፤ ጉንጮቿ ቀልተዋል፣ ፀጉሯ ይንጠባጠባል። እትዬ ዙህራ እጃቸው ላይ ሳሙና እንዳለ አፈጠጡብኝ።

«አንቺ ልጅ፣ እብደትም አለብሽ?» አሉ። «አራስ በሙቅ ውሃ ከታጠበች ትተኛለች። ሌሊቱን ሙሉ ልጁ ሲጠባት ነው ያደረው። አልወለድሽ፣ ምን ታውቂ!»

«ራስሽን ግን አያምሽም?» አልኳት ሀኒያን።

«ያንን ሁሉ ጩኸት ሳልሰማ አያመኝም ነበር» አለችኝ እየሳቀች።

አልጋዋ ላይ ወጣች። ገንፎዋን ሁለት ማንኪያ ቀምሳ ትራሷ ላይ ወደቀች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ የብርድ ልብሱን ከፍ ዝቅ ማለት አየሁ። ከፍ፣ ዝቅ። መሄድ ነበረብኝ፤ ቦኩ ሺናን ሰፈር የሚጠብቀኝ ሌላ ሥራ ነበር። እግሬ እምቢ አለኝ።

እትዬ ዙህራ አዩኝ። ሊቆጡኝ መስሎኝ ነበር። በርጩማ አምጥተው አልጋው ጎን አስቀመጡልኝና «ቁጭ ብለሽ እዪያት» አሉኝ በሹክሹክታ። «እስኪበቃሽ። እኔም እሷን ወልጄ አርባ ቀን ሙሉ ስትተነፍስ ሳዳምጥ ነው የነበርኩት።»

ጫማዬን አውልቄ ተቀመጥኩ። ክፍሉ ሞቋል፤ በመስኮቱ ጥጥ በኩል አንዲት ነፋስ አትገባም። ሀኒያ አንዴ ከንፈሯን መጠጥ አደረገች፣ ወደ ጎን ዞረች፣ ትንፋሿ ረጋ ብሎ ቀጠለ።

በሩ በቀስታ ተገፋና ጋሽ ራህመቶ ገቡ። ልጁን ታቅፈዋል፤ ያቀፉበት ሁኔታ አቀበት ላይ የከበደ ጭነት የያዘ ሹፌር ያስመስላቸዋል፣ ትንፋሽ ሁሉ የላቸውም። አጎንብሰው ወደ እኔ ዘረጉት።

«ያዢው አንዴ፤ ክንዴ ደነዘዘ» አሉኝ።

«ኧረ ጋሽ ራህመቶ፣ እጄን ይዩት! ግሪስ ነው፣ ዝገት ነው።»

«ሂጂ ታጠቢያ» አሉኝ፣ በጭንቅላታቸው ወደ መታጠቢያ ቤቱ እያመለከቱ። «ሙቅ ውሃ እንደሆነ ሞልቷል።»

ተነስቼ ሄድኩ። እስከ ክርኔ ታጥቤ፣ በጥፍሬ ሥር የገባውን ሁሉ አውጥቼ፣ እጄ ሞቆ ተመለስኩ።